ከሽመላው ሥር

ሌዲ ድራይኮት ሰውን ለሁለት ትከፍላለች፤ የብር ዕቃ የሚወርስና የብር ዕቃ የሚገዛ። የቤቷ ጣሪያ ያፈሳል፣ ምንጣፏ ተበልቶ ያለቀ ነው፣ ሾርባዋም ውሃ ውሃ ይላል። ግን የሚቀርበው የቤተሰቡ ዓርማ፣ ሽመላው፣ በተቀረጸበት ማንኪያ ነውና እንግዳ አፉን ይዝጋ!

ልጇ ሮዋና የዚያን እሑድ ምሳ የፈራችው በምክንያት ነው። የበርሚንግሃሙ የልብስ ቁልፍ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ፣ ክላይቭ፣ ለጋብቻ ሊጠይቃት መጥቷል። እናቷ እንቢ ካለች ሮዋና እሺ የማለት ወኔ እንደሌላት ራሷም ታውቀዋለች። ምስኪኑ ደግሞ አሮጌ የብር ስኳር ማቅረቢያ በስጦታ ይዞ ከች አለ። እዚያ ቤት ለመዋረድ ከዚህ የቀለለ መንገድ አልነበረም።

ሌዲ ድራይኮት ዕቃውን አገላብጣ አየችውና «ሃ!» ብላ ተነፈሰችበት። ጉም በለበሰው ብር ላይ ተፍቆ የጠፋ የአንበሳ ራስ ብቅ አለ።

«አየህ የኔ ልጅ፣ የሰው ዓርማ ሲፍቁት ለዓይን ይጠፋል እንጂ ትንፋሽ ያጋልጠዋል። የየትኛው ቤት ሐራጅ ላይ ለቀምከው?»

«አላወቅኩም ነበር፣ እመቤቴ።» ጆሮው ቀላ።

«ከየት ታውቃለህ! የእኛ ዕቃ ለእኛው የተሠራ ነው። ልጄን የብር ዕቃ ለሚገዛ ቤት አልሰጥም።»

ክላይቭ ሲሰርቅ የተያዘ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ስጦታውን በመሐረብ መጠቅለል ጀመረ። ያኔ ሮዋና ተናደደች፤ ከእናቷ ይልቅ በራሷ። ብድግ አለችና ለገና ካልሆነ የማይነካውን ትልቁን ባለሽመላ የብር ትሪ ከመደርደሪያው አወረደች።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ልተነፍስበት ነዋ፣ እማዬ። እርስዎ ሞክረውት ያውቃሉ?»

ተነፈሰችበት። ከሽመላው ሥር ተፍቆ የነበረ የሌላ ቤት አጋዘን ቀንዱን አወጣ።

ሌዲ ድራይኮት ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የአያት ሥዕል ቀና አለች። ሥዕሉ ውስጥ አያት አፍንጫቸውን እንደነፉ ናቸው።

«ጥረጊው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቶሎ ጥረጊው!»

«ራሱ ይደርቃል።» ሮዋና ትሪውን እናቷ ፊት አስቀምጣ የስኳር ማቅረቢያውን ከክላይቭ እጅ ተቀበለች። «ኮትህን ልበስ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

ከበሩ ላይ ዞር ብላ አየች። እናቷ ግራና ቀኟን ቃኝታ ማንኪያዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ማንኪያው ላይ ሾርባ አልነበረም።