እናቴ ከሦስተኛው ረድፍ

ሃያ ሁለት ፊልም ሠርቻለሁ። ፊቴ በአውቶቡስ ጎን ላይ ተለጥፎ ከተማውን ሲዞር ከርሟል፤ ሱቅ ስገባ ሻጮቹ የያዙትን ዕቃ ትተው ያፈጡብኛል። እናቴ ግን ጎረቤት «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ብሎ ሲጠይቃት «ፎቶ ትነሳለች» ትላለች። አለቀ። ሃያ ሁለት ፊልም፣ ፎቶ መነሳት!

እሷ ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ የኖረች ሰው ናት። ያለ ማይክሮፎን፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደውን ሰውዬ በድምጿ ታስነሳ ነበር አሉ። ጉልበቷ እምቢ ብሏት ካቆመች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «ትወና ማለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጡ መኖር ነው» ትለኛለች። «እናንተ እኮ አንድ እንባ ጠብ አድርጋችሁ ሻይ ልትጠጡ ትሄዳላችሁ።» ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ከልቧ ነው። እኔ ደግሞ ሽልማትም ጭብጨባም ጠግቤያለሁ፤ የቀረኝ ከእሷ አፍ አንዲት ቃል መስማት ነበር። «ተዋናይት» እንድትለኝ።

ስለዚህ በአርባ ዓመቴ እልህ ይዞኝ ቴአትር ገባሁ። ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንድ አጎት የሟች ወንድሙን ቤት ይዞ ተቀምጧል፣ አንዲት ሴት መጥታ «ልጁ ነኝ» ትለዋለች፣ እሱ አላውቅሽም ይላል። ሴትየዋ እኔ ነኝ። አጎትየውን የሚሠራው፣ ከእናቴ ጋር በአንድ መድረክ ያረጀ፣ በድምፁ ምክንያት ሁሉም «ጋሼ ነጎድጓድ» የሚለው ሰው ነው። ሦስት ወር ተለማመድን። የመክፈቻውን ትኬት ለእናቴ ስሰጣት ገለባበጠችና «ሦስተኛ ረድፍ፣ ደህና ነው» አለች።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ስድስት መቶ ሰው ሲያስል፣ ሲያንሾካሹክ፣ ወንበር ሲያንቋቋ ሰማሁ። ካሜራ አያስልማ!

መጋረጃው ተከፈተ፣ ገባሁ፣ ተናገርኩ፣ ሳቁ! የመጀመሪያዋን ሳቅ ስሰማ ጮቤ መርገጥ አማረኝ። ፊልም ላይ ያስቅኳቸው ሰዎች ስንት ወር ቆይተው፣ እኔ በሌለሁበት ነው የሚስቁት፤ እነዚህ ግን እዚሁ፣ ፊቴ ላይ ሳቁልኝ። በአንደኛው ክፍል መጨረሻ የምሠራት ሴት እናት መሞቷን የሚያረዳ ደብዳቤ ሲነበብ ደግሞ አፍንጫ መናፈጥ ከየአቅጣጫው ተሰማ። ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርኩ አልኩ።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ትልቁ ንግግሬ መጣ። አጎትየው «ውጪ!» ይለኛል፤ እኔ ቀጥ ብዬ «የአባቴን ቤት ደጅ ጠንቼ አልገባም...» ብዬ እጀምራለሁ። ጀመርኩ። «የአባቴን ቤት ደጅ ጠንቼ...» ከዚያ በኋላ ያለው ጥርግ ብሎ ጠፋ። አንዲት ቃል እንኳ የለችም።

ሃያ ዓመት ካሜራ የለመደ አፍ ምን ይላል? እጄን አነሳሁና «ይቅርታ፣ ልድገመው» አልኩ። ይህ ሳያንስ ወደ ጎን ዞሬ፣ የሜካፕ ሠራተኛዋ መጥታ ላቤን በፓውደር እንድትጠርግልኝ ግንባሬን ደቅኜ ቆምኩ።

ማንም አልመጣም። ጋሼ ነጎድጓድ አፉን እንደከፈተ ቀረ። አዘጋጁ ከመድረኩ ጥግ በያዘው ጽሑፍ ፊቱን ሸፈነ። ምን እንዳደረግሁ ገባኝና ክው አልኩ። ስድስት መቶ ሰው ፊት፣ እናቴ ፊት! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«ድገሚው!»

ድምፁ ከአዳራሹ ነው የመጣው። ማይክሮፎን የለውም፣ ግን ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ረድፍ መሐል ላይ እናቴ የፊቷን ወንበር ይዛ ቆማለች።

ጋሼ ነጎድጓድ ነፍሱ ተመለሰችለት። እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ወደ ጨለማው አየና «ማነው እዚያ?» አለ።

«እናቷ ነኝ!»

ጎበዝ፣ በቴአትሩ እናትየዋ እኮ ሞታለች! አልቅሰንላታል! ጋሼ ራሱን አከከ። «ሞተሻል አልተባለም እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን አልቸኮለችም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች፣ የመጨረሻዋ ድምፅ ስትጠፋ ብቻ አፏን ከፈተች።

«ለእናንተ እንዲመቻችሁ ብዬ አልሞትም። ልጄ ናት። የምትለውን ሳትጨርስ ማንም አያስወጣትም። ድገሚው!»

የጠፋው ቃል ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። «የአባቴን ቤት ደጅ ጠንቼ አልገባም! በሩን ዝጋው፣ በመስኮት እገባለሁ! መስኮቱንም ዝጋው፣ ደጃፉ ላይ አድራለሁ፤ መንገደኛ ሁሉ የማን ልጅ ነሽ እያለ ይጠይቀኝ!» ጽሑፉ እዚህ ላይ «ታለቅሳለች» ይላል። ማን ያለቅሳል! እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ጮህኩ፣ ድምፄ የመጨረሻው ወንበር ደርሶ ሲመለስ ሰማሁት። ጋሼ ነጎድጓድ ከልምምዱ ውጭ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አልጠፋችብኝም።

ሲያልቅ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ግማሹ እናቴን የድርሰቱ አካል አድርጓት «እናትየዋ! እናትየዋ!» ይላል። አዘጋጁ ከጥጉ «ነገ የሞተችውን ከየት ነው የማመጣው?» እያለ ፀጉሩን ይነጫል። ጋሼ ነጎድጓድ ወርዶ እናቴን ደግፎ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ አስወጣትና በእኔና በእሱ መሐል አቆማት።

እጇን ያዝኩ። ለሕዝቡ ፈገግ እንዳልኩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «እማዬ፣ ይቅርታ፣ አዋረድኩሽ» አልኳት።

እሷም ዓይኗን ከሕዝቡ ላይ ሳታነሳ፣ በጥርሷ መሐል መለሰችልኝ።

«ዝም በይና እጅ ንሺ። ተዋናይት ሲጨበጨብላት አታወራም።»

እጅ ነሳሁ። ቀና ለማለት ግን ጊዜ ወሰደብኝ።