ከአስራ ሁለት ዓመት በላይ

ፊልሙ ውስጥ ያለው ወታደር ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወለሉ ላይ ሲለጥፍ፣ ገምጋሚዋ የሪሞቱን ድምፅ ማጥፊያ ተጫነች። ልማዷ ነው። ያለ ድምፅ ሲሆን በር ሲወዛወዝ፣ ሰው ሲሮጥ ማየት ብቻ ስለሆነ ብዙም አያስፈራትም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አስፈሪ ፊልም የገመገመችው እንዲህ ነው፤ ይህን ደግሞ ከእሷና ከሪሞቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

መጋረጃው በተዘጋው ክፍል ብቻዋን ተቀምጣ የዕድሜ ገደብ ቅጹን ሞላች። ፊልሙ በጦርነት ጊዜ ምድር ቤት ስለተደበቀ ልጅ ነው። ደም፦ የለም። ሬሳ፦ አንድ ሴት፣ ከሩቅ። ተኩስ፦ ሦስት ጊዜ። መጨረሻ ላይ ልጁ በር ይከፍትና ፊልሙ ያልቃል። «ከአስራ ሁለት ዓመት በላይ» ብላ ጻፈች።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ኃላፊው ነበር፤ በዕድሜ ታናሿ ስለሆነ እትዬ ይላታል።

«እትዬ፣ ጨረስሽ? የሲኒማ ቤቱ ሰውዬ በስልክ መከራዬን አበላኝ። ዓርብ ሦስት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሊያመጡ ነው። ያንቺም ልጅ አለችበት አይደል?»

«አለችበት። ስትነዘንዘኝ ነው የሰነበተችው።»

«እና ፈርሚያ!»

«አንተ አይተኸዋል?»

«እኔ? ኧረ ጊዜው ከየት መጥቶ! አንቺ አይተሽው የለ እንዴ?»

የተናገረው እንደ ቀልድ ነው፤ እሷ ግን ወደ ቅጹ ዞረች። ከፊርማው ቦታ በላይ የታተመችውን መስመር አየቻት፦ «ፊልሙን ከነድምፁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትያለሁ።»

«ሻይህን ጠጥተህ ና» አለችው።

እንደወጣ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችና ድምፁን ከፍ አደረገች። እጇ እንዳያታልላት ሪሞቱን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወረችው።

ወታደሮቹ ሄዱ። ጸጥ አለ። ከበሩ ማዶ የእናት ድምፅ መጣ፤ የደከመ፣ የሚያባብል። «ልጄ፣ ሄደዋል። እኔ ነኝ፣ ክፈትልኝ።» የልጁ ፊት በራ። ገምጋሚዋ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እናቱ እኮ ሞታለች፤ ከሩቅ የታየችው ሬሳ እሷ ናት! ድምፁ እንደገና ለመነው፣ አቆላምጦ ጠራው። ልጁ ከፈተ። ሁሉ ነገር ጨለመ፤ በጨለማው ውስጥ ያው የእናት ድምፅ ቀስ ብሎ ሳቀ።

አሁን የፈራችው ለራሷ አልነበረም። እሷ ራሷ ከሥራ ገብታ «እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» ስትል፣ ከበሩ ጀርባ ቆማ የምትንቀጠቀጥ ልጇ ታየቻት።

ኃላፊው ብርጭቆውን እንደያዘ ተመለሰ። ቅጹ ላይ አስራ ሁለቱ ተሰርዞ አስራ ስድስት ተጽፏል።

«ምን ነካሽ? ደም የለ፣ ሬሳ አንድ! በየትኛው ዓምድ ላስረዳቸው?»

«ድምፁ ነው።»

«ድምፅ የሚል ዓምድ የለማ!»

«አውቃለሁ። እኔም ሰምቼ አላውቅም» አለችና ሁሉንም ነገረችው።

ኃላፊው ክው አለ። በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ይሄን አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም። የዛሬውን አስራ ስድስት እናድርገው። ያለፈው ከወጣ ግን ያባርሩሻል፤ ልጅሽን በምን ልታሳድጊያት ነው?»

ልቧ እሺ በይ አላት። ከፊልሙ ይልቅ መባረሩ አስፈራት፤ ደመወዟንና የቤት ኪራዩን አሰበች።

«በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ለስንት ሕፃን ነው የፈቀድኩት?» ብላ ጠየቀችው።

ቅጹን ገልብጣ በባዶው ጀርባ ላይ ጻፈች፦ «ከዚህ በፊት የፈረምኩባቸው አስፈሪ ፊልሞች በሙሉ በሌላ ሰው እንደገና ይታዩ። ድምፃቸውን አልሰማሁም።»

ከሥሩ ፈረመችበት።