አፉ ብያታለሁ

አሕመዲን የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጠና ሁለተኛውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ይሄን ወጥ ማን ሠራው?» አለ።

የሚስቱ ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ነው። ምግቡን የሚያመጡት ጎረቤቶች ናቸው፤ የቱን ማን እንዳመጣው ለቅሶ ተቀምጦ የሚጠይቅ ደግሞ የለም። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ተያዩ። ሐዘን ነው፣ ይለፈው ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ።

«የኡሙሀኒ ወጥ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የሚስቴን እጅ አጣዋለሁ? ነጭ አዝሙዱን መጨረሻ ላይ የምትጥል እሷ ናት!»

«አብሽር አሕመዲን፣ አይዞህ» አሉ ሸሁ። «አላህ ሰብሩን ይስጥህ።»

የእጅ ውሃ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ጎረቤቱ ሰሚሃ ብቻ አቀርቅራ ቀረች። አሕመዲን አያት። ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

ከትናንት ወዲያ ቀብሩ ላይ ሸሁ «ለሟቿ አፉ በሉ፣ ሐቅ አለኝ የሚል ካለ ይናገር» ሲሉ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የጮኸው እሱ ነበር። «እኔ አፉ ብያታለሁ! ያስቀየመችኝን ሁሉ አፉ ብያታለሁ!» አለ። ሴቱ አለቀሰ፣ ወንዱ አንገቱን ነቀነቀ። አሕመዲንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ራሱን ወደደው። ሚስቱ ሰነፍ እንደነበረች አገር ያውቃል፤ እሱ ግን ይቅር ብሎ ቀበራት።

የኡሙሀኒ ጣቶች ያበጡት እሱ ጂዳ ሠራተኛ ሳለ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ሲመለስ ደሴ ወስዶ አስመረመራት። የመገጣጠሚያ በሽታ ነው ተባለና ኪኒን ታዘዘላት። እብጠቱ ጎደለ፤ ድካሙ ግን ከላይዋ አልወርድ አለ። ጠዋት ስትነሳ ሌሊቱን ድንጋይ ስትሸከም ያደረች ትመስላለች። ሐኪሙ «ድካሙም የበሽታው ነው» ብሎ ነግሯቸው ነበር። አሕመዲን ይዞት የተመለሰው ግን «እብጠቱ ይጎድላል» የሚለውን ብቻ ነው።

ክፉ ሰው ነበር ማለት አይቻልም። ማር ገዛላት። ጥቁር አዝሙድ በዘይት አስጨምቆ አመጣላት። ውጫሌ ወስዶ ዋግምት አስታገማት። ፍል ውሃ ሰባት ቀን አስነከራት። ለቅሶ የመጣ ሁሉ እንኳ አሁን እዚያ ድንኳን ውስጥ «ዝንጅብል በእርድ አፍልታ ጠጥታ ቢሆን ኖሮ» እያለ ይንሾካሾካል። ከፍል ውሃው በተመለሰች ማግስት ድስት ማውረድ ሲያቅታት ግን አሕመዲን ትዕግሥቱ አለቀ።

«እጅሽ ድኖ የለ? አሁን ደግሞ ምን ሆንኩ ልትዪኝ ነው?» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሽታዋ ስም ስንፍና ሆነ።

ከምሳ በኋላ አሕመዲን ሰሚሃን ከቤቱ ጀርባ ጠራት። ከታች ሐይቁ ያበራል፤ ዳር ላይ የእሱ የሽንኩርት ማሳ ይታያል።

«ወጧን መቼ ለመድሽው?» አላት።

«እኔ ከሷ አልለመድኩም ጋሽ አሕመዲን። ሰባት ዓመት የበሉት የኔን ወጥ ነው።»

አሕመዲን ከጂዳ በተመለሰ ሰሞን «ስሄድ እንዲህ አልነበረችም፣ እጇ ጣፍጦ ጠበቀኝ» እያለ በየመስጊዱ ደጅ ያወራው ትዝ አለው።

«በየቀኑ ዘይት ልቀባት እያልኩ ስመጣ ጉልበቷን አሽቼ አስተኛታለሁ። በሩን ዘግቼ ወጡን እሠራለሁ። ጎረቤታችን ሰላማዊት ልብሱን ወስዳ ታጥባለች። የቀትሩን ዙህር ሰግዳ ትተኛና ከሰዓት ለዐስር ሰላት ስትነሳ ሰው መስላ ትነሳ ነበር።»

«ዘይቱ ነዋ የረዳት» አለ አሕመዲን፤ የሚጨብጠው ነገር ፈልጎ ነው።

«ዘይቱስ ደስ ይላት ነበር፤ ሲሸታት ራሱ ፊቷ ይፈታል። ያቆማት ግን እንቅልፉ ነው። አገሩ ሁሉ መድኃኒት አዘዘላት፤ ትንሽ ተኚ ያላት ግን አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አስምላን ነዋ! ‹ሰነፍ ከሚለኝ የናንተን ይብላ› አለች። ልጅ አላህ አልሰጣት፣ ማን ይርዳት?»

አሕመዲን አስታወሰ። ከአራት ወር በፊት ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰሞን በቀትር ወደ ቤት ተመልሶ ነበር። በሩ ተዘግቷል፣ ዘይቱ ይሸታል፣ ሚስቱ ተኝታለች። «እኔ በፀሐይ ስነድ እናንተ ዘይት እየተቀባችሁ ታሙኛላችሁ!» ብሎ ጠርሙሱን ግቢው ድንጋይ ላይ ሰበረው። ሰሚሃንም «ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ ወጡ አንዴ ጨው ይበዛበታል፣ አንዴ ያራል። ትሪውን ገፍቶ «እጅሽን ምን ነካው?» ሲላት «እምቢ እያለኝ ነው» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመረችም።

«ጨዉ ለምንድን ነው የሚበዛባት የነበረው?» አላት አሁን፣ እንደ ልጅ።

«ጣቶቿ መቆንጠር አይችሉም ነበር። ከዕቃው ነበር የምትገለብጠው።»

ባለፈው ወር ትኩሳት ያዛት፣ ሳል ተከተለ። የደሴ ሐኪም «ሰውነቷ ተዳክሟል» አለ፤ በሳምንቷ ሞተች። የገደላት ማን እንደሆነ ሰሚሃ አልተናገረችም። አሕመዲን ግን እንድትናገር ፈለገ፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ሰሚሃ» አለ፣ «እሷስ ለኔ አፉ ብላኝ ይሆን?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? እርስዎ አፉ አሏት እንጂ መቼ ጠየቋት?» የእጅ መታጠቢያውን ጆግ አነሳች። «አብሽሩ ልበልዎት? ዛሬስ ከአፌ አይወጣም።»

አሕመዲን ወደ ጓዳ ገባ። ሚስማር ላይ አንድ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሰሚሃ ከደጁ ከተባረረች በኋላ፣ ማሳ ጠብቆ ሲያድር እንዲበላው ኡሙሀኒ የሠራችለት ድርቆሽ ነው። ያኔ አንዴ ቀምሶ «ይሄ ለከብት የሚሰጥ አሞሌ ጨው ነው» ብሎ መልሶላት ነበር። እሷም ሳትጥለው እዚያው ሰቀለችው።

ከረጢቱን አውርዶ መሬት ተቀመጠ። እንጀራው ተቆራርሶ እኩል አልወጣም፤ አንዱ እንደ መዳፍ ሰፊ፣ ሌላው ዱቄት። በርበሬው አንድ ቦታ ተከምሯል፣ ሌላው ነጭ ነው። ሚስቱ በገዛ እጇ ብቻ የሠራችው ምግብ ከዚህ ሌላ ቤቱ ውስጥ የለም። ዘግኖ በላ። ጨዉ ጉሮሮውን አቃጠለው፣ ሳል አጣደፈው፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ሰሚሃ ሳሉን ሰምታ ውሃ ይዛ መጣች። በግራ እጁ ከለከላትና በቀኙ ደግሞ ዘገነ።