የአርቪድ ዳገት ውሃ

አርቪድ ትቬት ጎረቤቱን ሎዌልን መጠርጠር የጀመረው አኩሪ አተሩ ለሁለተኛ ጊዜ በጎርፍ በታጠበ ማግስት ነው። በአሜሪካዋ አዮዋ የዘንድሮ ግንቦት ዝናቡ ኃይለኛ ነው፤ በጣለ ቁጥር ጎርፉ የአርቪድን ጥቁር አፈር ጠርጎ መንገድ ላይ ይደፋዋል። ከላይ ያለው እርሻ የሎዌል ነው፤ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም። ታዲያ ሌላ ማን ይጠረጠር?

«ቦይ ቀዶብኛል» አላት ሚስቱን ቨርናን።

«ሎዌል? እንኳን ቦይ ሊቀድ ማረስም የታከተው ሰነፍ ነው ስትል አልነበር እንዴ?»

«ሰነፍ ለተንኮል ጊዜ አያጣም።»

እውነትም ሎዌል ማረስ ከተወ ስድስት ዓመቱ ነው። የአምናው የበቆሎ አገዳ እንደተጋደመ በመሃሉ ይዘራል። አርቪድ በዚያ ባለፈ ቁጥር ያፍርለታል። የራሱ ማሳ አባቱ እንዳስተማረው ሦስት ጊዜ ተከስክሶ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በመኪና የሚያልፍ ሁሉ አይቶ ያደንቀዋል። አሁን ግን ዳገቱ ላይ ከሥር ያለው ቢጫ አፈር ብቅ ማለት ጀምሯል። ጥቁሩ ካለቀ እርሻው አለቀለት።

ሳምንቱን ሙሉ ላገኘው ሰው ሁሉ ሎዌልን እያማ፣ ፒካፕ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በሩቅ ማያ መነጽር ሰለለው። አካፋ ሲይዝ እንኳ አላየውም። «ነቅቶብኛል» አለ በሆዱ። የተጠራጣሪ ነገር እንዲህ ነው፤ ያጣው ሁሉ ማስረጃ ይሆንለታል።

ሐሙስ ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ዳገቱን ወጥቶ አጥሩ ሥር ቆመ። ዝናቡ ወረደ። የሎዌልን ውሃ ጠበቀ፤ አልመጣም። ከአጥሩ ማዶ ጠብታው በአገዳው መሃል እየሰረገ ይጠፋል። ከአጥሩ ወዲህ ያ የላመ አፈር ልስን መስሎ ተደፍኗል፤ ውሃው መግቢያ አጥቶ ከአርቪድ ቦት ጫማ ሥር ተነስቶ ቁልቁል ይንደረደራል። ጎንበስ ብሎ ቅርፊቱን በጥፍሩ ላጠው። ከሥሩ አፈሩ ደረቅ ነው።

የሎዌል መኪና መጥታ ቆመች።

«አንተ ሽማግሌ፣ በዚህ ዝናብ ምን ትጠብቃለህ?»

«ውሃህን።»

«መጣልህ?»

አርቪድ አፈረ። «የራሴ ነው» አለ። «አንተን ግን ላገሩ ሁሉ አምቼሃለሁ።»

«ሰምቻለሁ። የአፈርህን ችግር ገና ከጅምሩ አውቄው ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ስሜን ስታጠፋ ግን ‹ሳይጠይቀኝ አልነግረውም› አልኩ።»

አርቪድ ቁልቁል ወደ መንገዱ አየ። የዓመታት ጥቁር አፈሩ እዚያ ተጋድሟል።

«ይኸው ጠየቅኩህ» አለው።