በቀኝ በኩል የተጻፈው

«ዝድራስትቩይቴ» አሉ ጋሽ ደግፌ፣ የሩሲያኛውን ሰላምታ ለአምስተኛ ጊዜ፤ ተማሪዎቹም ተከተሏቸው። ቃሉ መሃል ላይ እየተሰባበረ፣ ከታች ካለው አናጢ ቤት ከሚመጣው የመጋዝ ጩኸት ጋር ተቀላቀለ።

«ለዛሬ ይበቃል» ብለው ጠመኔውን አስቀመጡና ጉልበታቸውን እያሻሹ ተቀመጡ።

ክፍሏ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ናት። ኪራይዋን የሚከፍለው፣ ተማሪዎቹንም የሚያመጣው ጌታሁን የሚባል፣ ሰው ለሥራም ለትምህርትም ወደ ሩሲያ የሚልክ ደላላ ነው። ጋሽ ደግፌ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የትራክተር ጥገና ሊማሩ ያኔ በሶቪየት ኅብረት ወደነበረችው ሚንስክ ተልከው አምስት ዓመት ኖረዋል። ሲመለሱ የተመደቡበት የመንግሥት እርሻ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ቋንቋው ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለ ሥራ አፋቸው ውስጥ ተቀመጠ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ድንገት ፈላጊ አገኘ።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም «ሩሲያኛ መማር ለምን ፈለጋችሁ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ኤልናታን ሕክምና በነፃ ለመማር እንደሆነ ተናገረ። ቦሩ «ከዚህ ለመውጣት» አለ፤ ማንም አልሳቀም። አምስቱ ሴቶች ተራ በተራ «ለሥራ» አሉ። ከመካከላቸው ሌሊሴ የምትባለው «እርስዎስ ቲቸር?» ስትላቸው፣ «እኔማ ስሜን ከሚላኩት ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት» ብለው ወደ ፊደሉ ተመለሱ።

ዛሬ ሌሎቹ ሲወጡ ሌሊሴ ቀረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሳንሱሲ ሰፈር አንድ ፀጉር ቤት ቆማ ስትሠራ ውላ በታክሲ ነው የምትመጣው። ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ቲቸር፣ ይቺን ያዩልኛል? ውሉ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እንፈርማለን። በግራ በኩል እንግሊዝኛ ነው፤ የሆቴል መስተንግዶ ይላል። በቀኝ ያለውን ሩሲያኛ እስኪ ልሞክረው ብዬ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት። ሆቴል የሚል ቃል አጣሁ።»

ጋሽ ደግፌ መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ፤ እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡ። አንዳንዱን ቃል ከድሮ የትራክተር መማሪያቸው ያውቁታል።

«ምን ይላል?»

«ፋብሪካ ነው የሚለው። የብረት ዕቃ መገጣጠም። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ያሠራል። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ እስኪያልቅ ፓስፖርትሽን ቀጣሪው ይይዘዋል።»

«ታዲያ እንግሊዝኛው?»

«ታች ላይ፣ ሁለቱ ከተለያዩ የሚጸናው ሩሲያኛው ነው ይላል።»

ሌሊሴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈችው።

«ጌታሁን ይሄን ያውቃል?»

ጋሽ ደግፌ መነጽራቸውን አወለቁ። ባለፈው ሳምንት ጌታሁን ደውሎ «ጋሼ፣ ሰላምታና ቁጥር ይበቃቸዋል፤ ማንበቡ ምን ያደርግላቸዋል?» ብሏቸው ነበር። እሺ ብለው ስልኩን ዘግተዋል። ለምን አላሉም። ደክሟቸው ነበር፤ ደግሞም ክፍሏን ወደዋታል፤ እዚህ ሰው «ቲቸር» ይላቸዋል።

«አትሂጂ» አሉ በመጨረሻ።

«እናቴ ልብስ የምትሸጥባትን ቦታ ለሰው በገንዘብ ለቃለች። ለእኔ መሄጃ። አሁን ቀረሁ ብላት ምን ትሆናለች?»

«ልጄ፣ እዚያ ማንም የለሽም።»

«እዚህስ ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?» አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር። ደብተሯን ገለጠች። «እናቴን ላናግራት። ለማንኛውም ግን፣ ‹ፓስፖርቴን መልሱልኝ› እንዴት ነው የሚባለው?»

ጋሽ ደግፌ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ቬርኒቴ ሞይ ፓስፖርት።»

በአማርኛ ፊደል ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ ዓረፍተ ነገሩን አለችው፤ አንድም ቦታ ላይ አልተሰናከለችም። ጫማዋን አጠለቀችና አመስግና ወጣች። ወረቀቷን ትታላቸዋለች፤ ጠዋት መጥታ ልትወስደው።

ብቻቸውን ሲቀሩ ቦርሳቸውን አንስተው እስከ በሩ ሄዱ። ጌታሁን ውሉን እንዳነበቡላት ሲሰማ ክፍሏን እንደሚዘጋት አላጡትም። ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው የስም መቆጣጠሪያውን ገለጡና የተማሪዎቹን ስልክ ቁጥር በጣታቸው ተከተሉ። ከሌሊሴ በታች ያለችው፣ ነገ አብራት የምትፈርመው ሳያት ናት። ደወሉ።

«አቤት ቲቸር?»

«ሳያት፣ ነገ የምትፈርሚውን ወረቀት ይዘሽ በጠዋት እኔ ጋ ነይ። አንድ ሰዓት ላይ።»

«ክፍል አለን እንዴ? ምን ልንማር ነው?»

«ማንበብ» አሉ። ዘጉና የሚቀጥለውን ቁጥር መቱ።