ያልተቀበረው ኩላሊት

«እህትሽ ሞታ ደረትሽን እንኳ አትመቺም?» አለቻት ጎረቤቷ የብርጓል፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጣ። «አፍሽንም ሸፍነሽ! ተጸይፈሽን ነው?»

ፀሐይወርቅ ማስኩን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። እጇን ከነጠላዋ ሥር ከቀኝ ብሽሽቷ ከፍ አድርጋ ይዛለች። የታናሽ እህቷ የዜማ ኩላሊት እዚያ ነው፣ ከቆዳዋ ሥር። ዜማን ባጃጅ ተገልብጦ ከገደላት ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። የአልቃሽ ክርን ቢያርፍበትስ? አንዱ ስሞ ጉንፋን ቢያስይዛትስ? ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ሽንቷ ቀንሷል። ለማንም አልተናገረችም።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«በአንድ ኩላሊት ቀርታ ነው እንጂ በዚያ አደጋ ባልሞተች።»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች!»

እናቷ እመት የሺመቤት ከቀብር ወዲህ ቀና ብለው አላዩዋትም። «ልጄ፣ ጎዶሎሽን ቀበርሁሽ!» እያሉ ብቻ ያለቅሳሉ።

አምና ህንድ አገር፣ ኩላሊቱ ከዜማ ወጥቶ ወደ ፀሐይወርቅ ሳይገባ ሐኪሞቹ ውስጡን በብርሃን በሚያሳይ መሣሪያ አዩት። መርፌ የለ፣ መቁረጥ የለ። በኋላ ሥዕሉን አሳዩዋቸው፤ ሽንት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ጥቃቅን ቀዳዳ መስለው ይታያሉ። ክፍቶቹ ደኅና ናቸው አሉ በአስተርጓሚ፤ አንድ ጥግ ላይ ግን አብጠው የጠበቡ አሉ። ሊከፈቱም ላይከፈቱም ይችላሉ።

ዜማ አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች። «ይሄማ የተቆረጠ የጣና ደንገል አገዳ ነው! አንቺ ብቻ ውኃ አትከልክይው።»

አሁን ድንኳኑ ውስጥ እመት የሺመቤት ከለቅሶው ተነሥተው ወደ እሷ መጡ። ፀሐይወርቅ ወቀሳ ጠብቃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አብጧል።»

«ፈራሁ እማዬ። ሽንቴ ቀንሷል። ያ የጠበበው ጥግ…»

«ውኃ መቼ ጠጣሽ?»

«ከቀብሩ ወዲህ አልወርድ አለኝ።»

እናቷ አንድ ኩባያ ውኃ አስመጥተው እስክትጨርስ ቆመው ጠበቋት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉ። «መኪና ፈልጉ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«በሰልስቷ ድንኳን ጥለው?» አለች የብርጓል።

«የቀረችኝን ላሳክም ነው። አንቺ አልቅሽልኝ።»

በሩ ላይ ከጎርጎራ የመጡ ዘመዶች ደረት እየደቁ፣ እየጮኹ ገቡ። እመት የሺመቤት አብረው አልጮኹም። ሰዉ እንዳይገፋት አንዱን ክርናቸውን ወደ ውጭ ዘረጉና ሌላውን መዳፋቸውን የልጃቸው እጅ ላይ፣ ከቀኝ ብሽሽቷ ከፍ ብሎ፣ ደረቡት።