መቶ በመቶ የተጠናቀቀው መጸዳጃ ቤት

በመሥሪያ ቤቱ እንደ እሷ ሪፖርት የሚያሳምር አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ከረጂዎች ገንዘብ እየጠየቀ ለድሃ ሰፈሮች የጋራ መጸዳጃ ቤት ያሠራል፤ መጠየቂያውንም ሆነ የሥራ ሂደት ሪፖርቱን የምትጽፈው እሷ ናት። ባልደረቦቿ «ብዕረኛዋ» ይሏታል። ሰፈሮቹን ግን ረግጣቸው አታውቅም፤ አለቃዋ የሚሰጣትን ቁጥር ቃል ታለብሰዋለች።

አንድ ቅዳሜ የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ ሄደች። ስለ አክስቷ ሰፈር መጸዳጃ ቤት በቅርቡ «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ብላ ጽፋ ነበር። ሆዷን ሲቆርጣት ሳትጨነቅ ወደዚያው አመራች።

በር የለውም። ቧንቧው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል እንጂ ከየትም አልተቀጠለም። ጉድጓዱ ሞልቶ ወለሉ ላይ ገንፍሏል፤ ነጫጭ ትሎች እስከ ደፉ ድረስ ይርመሰመሳሉ። አፍንጫዋን በሻርፗ አፍና ወጣችና ግድግዳ ተደግፋ አስመለሰች።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?» አለች አክስቷ ፊቷን አይታ።

«መጸዳጃ ቤቱ...»

«እሱን ማን ግቢ አለሽ! እኛ'ኮ ጨለማ ጠብቀን ሜዳ ነው የምንወጣው። ሠራን ያሉትን ሰዎች አፈር ያስበላቸው!»

«አሜን» ማለት አቃታት።

ሰኞ ጠዋት ያየችውን እንዳየችው ጻፈች። አለቃዋ አነበበና ሳቀ።

«አንቺ ደግሞ! እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?» አለና «ጉድጓዱ ሞልቶ ፈሷል» የሚለውን ሰርዞ፣ «ተጠቃሚው ከታቀደው በላይ በመሆኑ ጉድጓዱ በሙሉ አቅሙ አገልግሏል» ብሎ ተካው።

«ጋሼ፣ ይሄ'ኮ ዓይነ ምድር ነው!»

«ዓይነ ምድር ስትይው ይሸታል፤ ውጤት ስትይው ያሸልማል። ይልቅ የማስፋፊያውን መጠየቂያ ጻፊ።»

«ቢያንስ በርና ውሃ እንጠይቅበት።»

«ጨርሰናል ብለን ፈርመን? አብደሻል እንዴ!»

አንገፈገፋት። የራሷን ሪፖርት ስሟን ጽፋበት በቀጥታ ለረጂዎቹ ላከችው። መጡ፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ አፍንጫቸውን ይዘው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ጉድጓዱ ተመጠጠ፣ በር ተገጠመ፣ ውሃም ገባ።

አለቃዋስ? ዋናው መሥሪያ ቤት የሪፖርት ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾመው። በሽኝቱ ቀን ኬክ ተቆርሶ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። «የምስጋናውን ቃል ብዕረኛዋ ታንብብልን!» አለ አንዱ።

«አልጻፍኩም» አለች።

አለቃዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ፈገግ ብሎ ክሬም የነካውን እጁን ዘረጋላት። አፍንጫዋን በሻርፗ አፈነች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።